የአዛውንቶቻችን ክንድ ምን ይመሰክራል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አዲስ ነገር ወደ ሰፈራችን በመጣ ቁጥር አስተያየት የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ «የቂያማ ምልክት ነው» ይላል። ሌላው «የፈረንጅ ተንኮል ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሠለጠንን» ብሎ ሳያጣራ ይቀበላል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። አስተያየት መስጠት ነውር አይደለም። ነገር ግን በጀበና ዙሪያ የተሰጠ አስተያየት ከዚያው ቤት ሳይወጣ አይቀርም፤ ልጅ ማስከተብን፣ ሐኪም ዘንድ መሄድን፣ ጎረቤትን ማስጠንቀቅን ይወስናል። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆነን የአንድ በሽታን ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

በቤታችሁ በዕድሜ የገፉ አባት ወይም እናት ካሉ ክንዳቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። የብዙዎቹ ክንድ ላይ ክብ ጠባሳ ታገኛላችሁ። የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ነው። ዛሬ ያን ክትባት ልጆቻችን አይከተቡትም፤ ምክንያቱም በሽታው ከምድር ጠፍቷል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቻ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመት በሽታ ነበር። ያልሞተውንም ብዙ ጊዜ ፊቱን አበላሽቶ፣ አንዳንዱንም ዓይኑን አጥፍቶ ይተወዋል።

ሙስሊሞች ይህን በሽታ ከጥንት ያውቁታል። የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው፣ ፈንጣጣና ኩፍኝ በዐረብ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ የሚባለው በዝሆኑ ዓመት፣ የአብረሃ ጦር ወደ መካ በዘመተበት ጊዜ ነው። በበግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ ደግሞ ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሁለቱ በሽታዎች በምን እንደሚለያዩም በምልክቶቻቸው ለይቶ አስረዳ። ይህ የሆነው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው። መጽሐፉ በኋላ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ተምረውበታል።

መከላከያውስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1717 በዑስማንያ መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ ከኤዲርኔ ከተማ ወደ ሀገሯ ደብዳቤ ጻፈች። በዚያ ያሉ አሮጊቶች የበጋው ሙቀት ሲበርድ ከፈንጣጣ ቁስል ጥቂት ፈሳሽ በለውዝ ቅርፊት ይዘው ቤት ለቤት እንደሚዞሩ፣ የጤነኛውን ልጅ ቆዳ ጫር አድርገው ፈሳሹን እንደሚያስገቡ፣ ልጁም ቀለል ባለ ሁኔታ ታሞ እንደሚድንና ዳግመኛ በሽታው እንደማይዘው ገለጸች። እርሷ ራሷ በፈንጣጣ ወንድሟን ያጣች፣ ፊቷም የተበላሸባት ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጇን በኢስታንቡል፣ በ1721 ደግሞ ሴት ልጇን በለንደን አስከተበች። በዚሁ በ1721 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ፣ ይኸው ዘዴ በሀገሩ የታወቀ መሆኑን ለጌታው አስቀድሞ የነገረው ኦኔሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያ ነበር። በሀገራችንም ዘመናዊ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የታወቀ ነበር።

ታዲያ ለንደን ይህን ዜና እንዴት ተቀበለችው? በ1722 ኤድመንድ ማሲ የተባለ ሰባኪ፣ በሽታ ከፈጣሪ የሚመጣ ፈተና ወይም ቅጣት ስለሆነ ሰው እጁን ማስገባት የለበትም ሲል በአደባባይ አወገዘው። ዊሊያም ዋግስታፍ የተባለ ሐኪም ደግሞ ከማያነቡና ከማያስቡ ሕዝቦች መካከል ጥቂት መሃይም ሴቶች የሚያደርጉት ነገር እንዴት በእኛ ሀገር ተቀባይነት ያገኛል ብሎ ተሳለቀበት። ልብ በሉ! ያን ጊዜ አውሮፓውያን «ይህ ከቱርኮች የመጣ ነው» ብለው ተጠራጠሩ። ዛሬ ደግሞ ከመካከላችን «ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ብሎ የሚሸሽ አለ። ሁለቱም የጠየቁት «ከማን መጣ?» ብለው ነው፤ «እውነት ነው ወይ? ይጠቅማል ወይ?» ብለው አይደለም።

እርግጥ የድሮው ዘዴ አደጋ ነበረው። ከተከተቡት 100 ሰዎች ሁለት ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በራሱ በበሽታው ከተያዙት ግን ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ይሞታሉ። በ1796 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የሚወሰድ እጅግ የተሻለ ክትባት አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 በሽታውን ከምድር ለማጥፋት ዘመቻውን አጠናከረ። የሀገራችን ዘመቻ በ1971 ተጀመረ። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ተራራውንና በረሃውን አቋረጡ። የኢትዮጵያ የመጨረሻ በሽተኛ የተገኘችው በነሐሴ 1976 በባሌ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ሲሆን፣ እርሷም የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ከዚያ በኋላ በሽታው የቀረው በጎረቤታችን በሶማሊያ ነው። በጥቅምት 1977 በመርካ ከተማ ዐሊ ማው ማሊን የተባለ የ23 ዓመት ወጣት የሆስፒታል ወጥ ቤት ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሁለት የፈንጣጣ በሽተኛ ሕፃናትን የጫነ መኪና መንገድ ሊጠይቅ ቆመ። ዐሊ በቅን ልቡ መንገድ ላሳያችሁ ብሎ ዘሎ ገባ። ተከትቦ እንደሆነ ሲጠየቅ ስለዚያ አታስቡ፣ እንሂድ አለ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ ወባ ነው ተባለ። ቀጥሎም ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ፈንጣጣ ነበር። በሆስፒታል እየሠራ ያልተከተበው ለምን እንደሆነ በኋላ ሲናገር፣ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደነበር ገለጸ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአካባቢው ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተከተበ። ዐሊ በአላህ ፈቃድ ዳነ፤ ከእርሱም ወደ ሌላ ሰው አልተላለፈም። በመኪናው ከነበሩት ሕፃናት አንዷ፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ ግን ሞተች። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የዓለም የመጨረሻ ሰው ዐሊ ሆነ። በግንቦት 1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

ውድ አድማጮቻችን! ዐሊን ከክትባቱ ያስቀረው ፈትዋ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እርሱ ይህን በቅንነት አምኗል። ከእኛ ብዙዎቻችን ግን ፍርሃታችንን «ተወኩል» የሚል ልብስ እናለብሰዋለን። ክታብ በልጁ አንገት ያሰረ ሰው እንኳ ክትባትን «በአላህ ላይ አለመመካት ነው» ሲል እንሰማለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ግመሉን ፈትቶ ልመካ ላለው ሰው አስሮ እንዲመካ አስተምረውታል፤ መድኃኒት እንድንፈልግም አዘዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማክረው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ተብለው ሲጠየቁም፣ ከቀደሩ ወደ ቀደሩ መሆኑን ነው ያስረዱት።

ጥርጣሬ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ በሕፃናት ላይ ያደረገው ሙከራ ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሶታል። ሰዉ ቁስል ነበረበት። ስለዚህ በ2003 የፖሊዮ ክትባት ያመክናል የሚል ወሬ ሲነዛ በቀላሉ ተቀበለው፤ ክትባቱም ቆመ። በመጨረሻ ክትባቱ ተመረምሮ፣ ሙስሊም ሀገር ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ተደርጎ በሐምሌ 2004 ዘመቻው ቀጠለ። መመርመሩ ትክክል ነበር። በመካከል በጠፋው ጊዜ ግን ቫይረሱ ድንበር ተሻገረ፤ በሱዳን በኩል ወደ ሀገራችን ገባ፤ የመንን አልፎ ኢንዶኔዥያ ራሷ ደረሰ። የካኖ ወሬ ዋጋ የተከፈለው ካኖ የት እንዳለች በማያውቁ ሕፃናት እግር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ናይጄሪያን ጨምሮ አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2020 ተረጋግጧል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት መሆኑን ልብ እንበል። ስለሆነም አዲስ ነገር ስንሰማ ራሳችንንና ቤተሰባችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህን ያለው ማን ነው፤ የሚናገርበትን ነገርስ ያውቀዋልን? እኛ አጣርተናልን ወይስ የሰማነውን ብቻ እያስተላለፍን ነው? ተሳስተን ብንገኝ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የሃይማኖቱን ዑለማዎችን፣ የሕክምናውን ሐኪሞችን እንጠይቅ። ሁለቱም አማና አለባቸው።

ዐሊ ማው ማሊን ከዳነ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሶማሊያ የፖሊዮ ዘመቻ ውስጥ ገብቶ ልጃቸውን ለማስከተብ የሚያመነቱ ወላጆችን ፈልጎ የራሱን ታሪክ ያጫውታቸው ነበር። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ እንደገና ወጣ። በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በሐምሌ ወር በትኩሳት ታሞ በወባ ሞተ። አንድ ጊዜ በፍርሃት ያጠፋውን በቀሪ ዕድሜው ሊያስተካክል የተነሣ ሰው ነበር። አላህ ይዘንለት፤ ሥራውንም ይቀበለው።

ለእኛም የማይጎዳንን ፍርሃት ከልባችን፣ ያልተጣራን ወሬ ከአንደበታችን ያርቅልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።