እርሳስ የሌለበት እርሳስ፤ የንድፍ መሣሪያዎቻችን ታሪክና አመራረጣቸው

በየዓመቱ የንድፍና የሥዕል ትምህርት ሲጀመር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እንግዛ?» የሚለው ነው። መምህሩ ዝርዝር ይጽፋል፤ ተማሪው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይሄዳል፤ ገንዘቡ ያልበቃው ደግሞ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። እኛም በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስናደርግ ቆይተናል። አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ የሠራውን የማሰሮ ሥዕል ስናይ ጥላው እንደ ጭጋግ የሳሳ፣ ወረቀቱም በእርሳስ ጫና የተቦረቦረ ሆኖ አገኘነውና «ጥላ መጣል አልቻለም» ብለን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠነው። በኋላ እርሳሱን ተቀብለን ብናየው 4 ኤች ነበር። እኛው ራሳችን ብንሞክርበትም ከዚያ የጠቆረ ጥላ ልናወጣበት አልቻልንም። ጥፋቱ የሠልጣኙ እጅ ሳይሆን፣ በዝርዝሩ ላይ «እርሳስ» ብለን ብቻ ጽፈን ያለፍነው የእኛ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአማርኛ «እርሳስ» የምንለው የጽሕፈት መሣሪያውንም፣ ከባዱን ብረትም ነው። ዐረቦችም መሣሪያውን «የእርሳስ ብዕር» ይሉታል፤ የጀርመንኛ ስሙም እንደዚሁ ከብረቱ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በመጻፊያው እርሳስ ውስጥ ብረቱ እርሳስ የለም። ታዲያ ስሙ ከወዴት መጣ?

በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቦሮዴል በተባለ ሸለቆ፣ እጅን የሚያጠቁር ለስላሳ ማዕድን በብዛት ተገኘ። የአካባቢው ሰዎች በጎቻቸውን ምልክት ያደርጉበት ነበር ይባላል። ማዕድኑ ብረቱን እርሳስ ስለ መሰላቸው የዘመኑ ሰዎች በዚያው ስም ጠሩት። በ1565 የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በእንጨት መያዣ የተሰካ የዚህ ዓይነት መጻፊያ ሥዕል ይገኛል። ማዕድኑ የካርቦን ዓይነት መሆኑን የስዊድኑ ኬሚስት ካርል ሼለ ያሳየው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1779 ነው። በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው አብርሃም ቬርነር «መጻፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል አውጥቶ «ግራፋይት» አለው። ስሕተቱ ታረመ፤ ስሙ ግን በየቋንቋው ቀረ።

የቦሮዴል ግራፋይት የመድፍ ጥይት ማቅለጫ ቅርጽ ለመለቅለቅም ያገለግል ስለ ነበር ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። በ1752 የእንግሊዝ ፓርላማ ማዕድኑን የሚሰርቅ ሰው በከባድ ወንጀል እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። ንጹሑ ግራፋይት እንደ ድንጋይ በመጋዝ እየተሰነጠቀ በእንጨት መካከል ይገባ ነበር። ጥንካሬውም ሆነ ጥቁረቱ ተፈጥሮ እንደ ሰጠችው ነውና ሠዓሊው ሊመርጥ አይችልም ነበር።

በ1793 እንግሊዝና ፈረንሣይ ጦርነት ሲገጥሙ ግራፋይቱ ወደ ፈረንሣይ መግባቱን አቆመ። ያለ እርሳስ መሐንዲሱ ንድፍ፣ የጦር መኮንኑም ካርታ መሥራት ይቸግረዋል። ስለዚህ የጦር ጉዳይ ኀላፊ የነበረው ላዛር ካርኖ ምትክ እንዲፈልግ ኒኮላ ዣክ ኮንቴን አዘዘው። ኮንቴ ሠዓሊም መካኒክም ነበር። የፈረንሣይ መሬት የሚሰጠው ግራፋይት ግን ንጹሕ ያልሆነና ተሰንጥቆ ለእርሳስ የማይበቃ ነበር። እርሱም ይህንኑ ግራፋይት ፈጭቶ አጣራው፤ ከዚያም ከሸክላ አፈርና ከውኃ ጋር አቡክቶ፣ በቀጫጭኑ ቀርጾና አድርቆ በምድጃ ተኮሰው። በ1795ም የፈጠራ መብት አገኘበት። በዚያው ዘመን በቪየና ዮሴፍ ሃርትሙት ተመሳሳይ ዘዴ ይሠራ ነበር።

«ችግር በቅቤ ያስበላል» እንደሚባለው፣ ምትኩ ከዋናው በለጠ። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ቀጭንና ሳሳ ያለ ይሆናል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ዛሬ በእርሳስ ላይ የምናነባቸው ፊደሎች ይህንኑ ልክ የሚናገሩ ናቸው። «ኤች» ጠንካራ፣ «ቢ» ጥቁር ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጠባዩ ይበረታል። እንግዲህ የዚያ ሠልጣኝ 4 ኤች እርሳስ ሸክላ የበዛበት፣ ለቀጭን የንድፍ መስመር እንጂ ለጥላ ያልተሠራ ነበር ማለት ነው።

ላጲስም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የእርሳስ ጽሕፈት የሚጠፋው በዳቦ ፍርፋሪ ነበር። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770 ጎማ የእርሳስን ምልክት አጥርቶ እንደሚያጠፋ ጻፈ። የሚገርመው ግን በጣሊያንኛ «ላጲስ» የሚባለው ማጥፊያው ሳይሆን መጻፊያው እርሳስ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን ያለ እርሳስ መስመር ያሰምሩ ነበር። የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ በእኩል ርቀት እየወጉ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘዘ ስለት በመጫን መስመር ያወጣሉ። በመስመሩም ላይ በሸምበቆ ብርዕ፣ ከጥላሸት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ይጽፋሉ። የቻይናም ጥቁር ቀለም እንዲሁ ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ነው። ጥላሸትም ከሰልም ግራፋይትም ሁሉም በመሠረቱ ካርቦን ናቸው። ስለዚህ ከወጥ ቤት የሚገኘው ከሰል በመደብር ለሚሸጠው እርሳስ የሥጋ ዘመዱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት በተቋማችን የመሣሪያውን ዝርዝር አሳጥረነዋል። ዐሥራ ሁለት እርሳስ የያዘ ሣጥን መጠየቅ ትተን ሦስት ብቻ እንጠይቃለን፦ ለንድፍ መስመር 2 ኤች፣ ለመደበኛ ሥራ ኤች ቢ፣ ለጥላ 4 ቢ። ከዚህ ሌላ አንድ ለስላሳ ላጲስ፣ አንድ ማስመሪያና ሸካራነት ያለው ወረቀት ይበቃል፤ እጅግ የለዘበ ወረቀት የለስላሳውን እርሳስ ዱቄት አይዝምና። ለሰፋፊ ጥላ ቀጫጭን እንጨት ክዳኑ በገጠመ ቆርቆሮ ውስጥ አድርገን እሳት ላይ እያከሰልን፣ የሥዕል ከሰል ከሠልጣኞች ጋር እንሠራለን። ክዳኑ አየር እንዳያስገባ፣ ለጭሱ ማምለጫ ግን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ሥራውም በደጅ ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ሥዕል ከማሠራታችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ሣጥኖች ሠርቶ፣ በያዘው እርሳስ ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ እንዲያጠቁራቸው እናደርጋለን። አምስተኛው ሣጥን ካልጠቆረ፣ ተማሪውን ከመውቀስ በፊት በእርሳሱ ላይ ያለውን ፊደል እናነባለን። ለዚያ ሠልጣኝም 4 ቢ ሰጥተነው ማሰሮውን እንደገና ሣለ፤ የቀድሞውን ነጥብ ሰርዘን በአዲሱ ተክተንለታል።