መርዶ ያልደረሰው ልጅ

የጦርነት ታሪካችንን ስንጽፍ የምንቆጥረው የተያዘውን ከተማና የወደቀውን ጄኔራል ነው። ዘማቹ ትቶት የሄደው ልጅ ግን ከታሪክ ጸሐፊው ብዕርም ከመንግሥት መዝገብም ውጭ ይቀራል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ልጅ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ከየገጠሩ የተጠራው ገበሬ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ። የገበሬ ማኅበራትም የዘማችን መሬት እንዲያርሱ ታዘዙ። መሬቱስ ታረሰ እንበል፤ የአባቱን ከብት ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ማን መዘገበው?

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነጻ ወጣች። ከድሉም በኋላ ደርግ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባን አቋቋመ። እውነቱን ለመናገር በጎ ሥራ ነበር፤ ብዙዎች አድገውበታል፣ ተምረውበታል። ይሁንና አምባው የታሰበው ወላጅ አልባ ለሆነው ልጅ ነው። አባቱ ይሙት ይኑር ያልታወቀውስ? የጦር አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ በዚያ ጦርነት ተማርከው ከሶማሊያ እስር የወጡት አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ምርኮኞችም ያን ጊዜ ተፈቱ። በዘመቻው ዋዜማ የተወለደ ልጅ አባቱን ያወቀው አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ማለት ነው።

በባህላችን ሞት በመርዶ ይነገራል፤ ለቅሶ ይደረሳል፤ ተዝካር ይወጣል። ይህ ሥርዓት ለልጁም «አባትህ አይመለስም» ብሎ ቁርጡን ይነግረዋል። መርዶ ያልደረሰው ልጅ ግን ማልቀስም መርሳትም አይችልም። አብረውኝ ከተማሩት መካከል በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ዘማች» ብለው የሚሞሉ ነበሩ። ጦሩ በ1983 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላም ቃሉን አልለወጡትም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነውን? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ የትግራይ ቤተሰቦች መርዶው በይፋ ተነግሯቸው የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ከሟቾቹ መካከል አባት የነበሩት ልጆች እስከዚያ ድረስ ምን እየተባሉ አደሩ?

በእኔ እምነት ወታደር የሚያዘምት ወገን ሁሉ፣ የትኛውንም ዓላማ ያንግብ፣ «ሄደ» ብሎ የመዘገበውን ስም «ተመለሰ»፣ «ተማረከ» ወይም «ሞተ» ብሎ ለቤተሰቡ የማሳወቅ ዕዳ አለበት። የጦር ምስጢር ነው የሚለው ምክንያት ለዚያ ልጅ መልስ አይሆነውም።

ልቦና ይስጠን።