ከጧፍ እስከ ስፌት መብራት

በአገራችን ስለ መብራት ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው ኤሌክትሪክ ነው። እኛ የማኅበሩ አባላት ግን ታሪኩን ከእናቶቻችን ጓዳ መጀመር እንወዳለን። ዛሬ ከስንደዶና ከአክርማ የምንሰፋው የመብራት ሽፋን አዲስ ነገር ቢመስልም፣ ሴቶች በቤታቸው መብራት ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም።

ጧፍን እናስብ። ጧፍ የሚሠራው ከሰምና ከጥጥ ነው። ማር ለጠጅ ሲበጠበጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተገፍፎ በውሃ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጣራል፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ረግቶ ይገኛል። ጥጡም ተዳምጦ፣ ተነድፎና በእንዝርት ተፈትሎ፣ ክሩ ተደራርቦ በቀለጠ ሰም ይነከራል። እስኪወፍር ድረስ ደጋግሞ መንከርና ማለስለስ ያስፈልጋል። ጧፉ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ሌሊት ዳዊት ለመድገም ይበራል። ሰም ያልነበረው ቤት ደግሞ በምድጃው እሳት ያመሽ ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰም ከቡናና ከቆዳ ጋር ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች አንዱ ነበር። ሰሙ በነጋዴው ሚዛን ተመዝኖ ዋጋ አገኘ። ጥጡን ስትፈትል ያመሸችው ሴት ድካም ግን የሚመዝነው አልነበረም፤ የቤት ሥራ ተብሎ ታለፈ።

ከዚያ ላምባ መጣ፤ ከላምባም ጋር ኩራዝ። ኩራዝ የተጣለ ጣሳ ነው፤ ክዳኑ ተበስቶ ቀጭን ቱቦ ይገባበታል፣ በቱቦው ውስጥ የጨርቅ ወይም የጥጥ ክር ያልፋል። ይህን የሚሠሩት ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ናቸው፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሁሉ አሮጌ ጣሳ እንዴት አዲስ ዕቃ እንደሚሆን ያውቃል። በዚህ ጊዜ መብራት ከጓዳ ወጥቶ ገበያ ገባ። ጥቀርሻው ግን እቤት ቀረ። የፋኖሱን መስታወት በየማታው የምትወለውለው፣ ጭሱንም እየማገች ወጥ የምትሠራው ሴቷ ነበረች።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኤሌክትሪክ በገባበት ከተማ አምፖል ኩራዙን እየተካ ሄደ፤ በገጠር ግን ኩራዝ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። አምፖሉም ሽፋኑም ከፋብሪካ የሚመጣ ዕቃ ሆነ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከሴቶች እጅ ያልወጣው ስፌት ነው። መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ፣ አገልግሉና ሰፌዱ ከእናት ወደ ልጅ ተላልፈዋል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጀጎል የሐረሪ ሴቶች ስፌት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤት ጌጥ ነው። ስለዚህ ስፌትን ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ጣሪያው አምፖል ማድረስ ረጅም መንገድ አይደለም።

ሆኖም የመብራት ሽፋን ተገልብጦ የተሰቀለ መሶብ አይደለም። መሶብ ጥብቅ ሆኖ መሰፋት አለበት፤ ሽፋን እንዲህ ከተሰፋ ብርሃኑ በሥር ብቻ ይወርዳል፣ ቤቱም ይጨልማል። ስለዚህ በየረድፉ መካከል ክፍተት እንተዋለን፤ አለላውም ከክፍተቱ አጠገብ ሲውል ቀለሙ በብርሃኑ ይደምቃል። ሌላው ጉዳይ እሳት ነው። የቀድሞው ባለሽቦ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ ያህል ሙቀት ያደርገዋል፤ ስንደዶ ደግሞ ደረቅ ሣር ነው። ስለዚህ ብዙ በማይግለው በኤልኢዲ አምፖል ብቻ እንጠቀማለን፤ አምፖሉ ሽፋኑን እንዳይነካ አፉን ሰፋ አድርገን እንሰፋለን፤ የሽቦውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እንተዋለን።

የቀረው ነገር ዋጋ ነው። እናትን «እንደ ሻማ ቀልጣ ያሳደገች» ብሎ ማመስገን በአገራችን የተለመደ ነው። ምስጋናው ደግ ነው፤ ሻማው ስንት እንደፈጀ ግን አይጠየቅም። አንድ ሽፋን ሲሠራ ሣሩ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያም እያንዳንዷ ስፌት በወስፌ ተወግታ በእጅ ታልፋለች። ብዙዎቻችን ይህን የምንሠራው ልጅ እያጠባን፣ ወጥ እያማሰልን ስለሆነ፣ ጊዜውን እኛ ራሳችን እንኳ አንቆጥረውም። ሣሩ ከሜዳ በነጻ ስለተለቀመ ሥራውም በነጻ የተሠራ ይመስላል።

ስለዚህ እያንዳንዷ አባል ለምትሠራው ሽፋን ትንሽ ደብተር እንድትይዝ እናሳስባለን። ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ ግማሽ ሰዓት እያለች ትጻፍ፤ መጻፍ የማትችል እህት ብትኖር ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትጻፍላት። ዋጋ ስንተምን ከስንደዶውና ከቀለሙ በፊት ያንን ደብተር እንግለጥ። ደጋፊዎቻችንም ሽፋኑን ስትገዙ ከፕላስቲኩ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ደብተሩን ጠይቁን፤ ደስ ብሎን እናሳያችኋለን። ጧፍ የሠሩልን እናቶች ይህን የሚጠይቅላቸው አላገኙም።