ባለ ሁለት ዐይኑ ተኳሽ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰማንያን የተሻገሩ የስማዳ ሰው፣ የሥጋ ዘመዴ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ሳለ በሸራ ላይ የተሳለ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል አብረን የማየት ዕድል ገጠመን። እኔ ዐፄ ምኒልክን፣ እቴጌ ጣይቱን፣ በሰማይ ላይ በነጭ ፈረሱ የተቀመጠውን ቅዱስ ጊዮርጊስን እያሳየሁ ስዘበዝብ የአዛውንቱ ዐይን ከጠመንጃዎቹ አልተነሣም። በጣታቸው ወደ አንዱ እያመለከቱ፣ «ይኸ ውጅግራ ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ፈገግ አሉና፣ «ግን ልጄ፣ እንዲህ አርጎ የሚተኩስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አላየሁም። የጠመንጃው ሰደፍ ትከሻ ላይ አላረፈም፤ ጉንጭም አልነካውም። ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ጠላት አዙሮ ፊቱን ግን ወደ እኛ፣ ወደ ተመልካቾቹ መልሷል። ሁለቱም ዐይኖቹ ተከፍተዋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ሰው ጠመንጃ እንዴት እንደሚይዝ ሕፃን እንኳ ስለሚያውቅ፣ የአዛውንቱ ፈገግታ የባለሙያ ፈገግታ ነበር።

የአገራችንን ሥዕል ከውጭ የሚያዩ ሰዎች ይህን ዐይነቱን ነገር ሲያገኙ «ሠዓሊው አያውቅም» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ አይመስለኝም። አዛውንቱ መሣሪያውን በስሙ ለመጥራት የቻሉት ሠዓሊው ብረቱን፣ ቃታውንና ዝናሩን ልብ ብሎ ስለሣለው ነው። የጠመንጃን ቃታ ልብ ያለ ሰው ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያልም ሳያይ ቀርቷል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ምክንያቱ ያለው በፊት አሣሣል ሥርዓት ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅና ደግ ሰው በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና የክርስቶስ አሳሪዎች ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዐይን ብቻ ይታያቸዋል። ይህን ሥርዓት ያመጡት ቤተ ክርስቲያን ያሳደገቻቸው ሠዓሊዎች ስለሆኑ የጦርነት ሥዕልም በዚሁ ሕግ ተሳለ። አልሞ መተኮስ ደግሞ አንድ ዐይን መጨፈንን፣ ጉንጭን ከሰደፍ ማስጠጋትን፣ ፊትን በጎን ማዞርን ይጠይቃል። እንግዲህ ሠዓሊው ሰውየውን ጥሩ ተኳሽ ቢያደርገው ክፉ ሰው ሊያስመስለው ነው፤ ደግ ሰው ቢያደርገው ተኩሱ ሊበላሽ ነው። መረጠ፤ ተኩሱ ተበላሸ። የሚያስቀው ነገር በዚህ ሕግ የተጠቀሙት ጣሊያኖቹ መሆናቸው ነው። በጎን ስለተሳሉ በሸራው ላይ በትክክል የሚያልሙት እነርሱ ናቸው፤ የሚሸነፉትም እነርሱ ናቸው።

ነፍጥ ወደ ሥዕላችን የገባበት ታሪክም ለዚሁ ነገር ይረዳል። በ1533 ዓ.ም. የክሪስቶቫው ዳ ጋማ ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው መጡ፤ በግራኝ አሕመድ ወገንም የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩ። በ1535 ዓ.ም. በበጌምድር ወይና ደጋ ላይ ግራኝ የወደቀው በነፍጥ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና ላይ፣ ባሕረ ኤርትራ የሚያሰጥማቸው የፈርዖን ወታደሮች ነፍጥ እንደያዙ ይታያሉ። በሙሴ ዘመን ነፍጥ ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ጀርመናዊው አልትዶርፈር በ1529 እ.ኤ.አ. የታላቁን እስክንድር ጦርነት ሲስል ወታደሮቹን የራሱን ዘመን የጦር ልብስ እንዳለበሳቸው ያስታውስ። ሠዓሊ ሠራዊትን የሚያውቀው ባየው ሠራዊት ነው።

ቅዱሳን ግን ነፍጥ አልተሰጣቸውም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የሚወጋው በጦር ነው፤ በዐድዋ ሰማይ ላይም ከበታቹ ያ ሁሉ ጠመንጃ እያጓራ እርሱ ያችኑ ጦር እንደያዘ ነው። ሠዓሊዎቹ የተቸገሩት ጠመንጃ ከፈርዖን ጭፍራ እጅ ወጥቶ ለወገን ሲሆን፣ ያውም በብዙ ሺህ ሲሆን ነው።

ስለ ጭሱ ግን ማንም ሊስቅባቸው አይገባም። ከየአፈሙዙ የሚወጣው ነጭ ደመና ጌጥ ይመስላል፤ ጌጥ አይደለም። ውጅግራ፣ ማለትም ስሙን ከፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» የወሰደው የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስና በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖቹ የያዙት ቬተርሊም እንዲሁ ባለ ጥቁር ባሩድ ነበር። የዚያን ቀን ሜዳው በእርግጥ በጭስ ታፍኗል።

መጠኑም የራሱ ምክንያት አለው። በሥዕሉ ላይ ጠመንጃው ከተሸካሚው ክንድ ይወፍራል። በዚህ ዘመን እንግሊዞች «ዋርሀመር 40,000» ለሚባለው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ለወጣው የወደፊት ዘመን ጦርነት ጨዋታ የሚሠሯቸውን ከአውራ ጣት ያልበለጡ ወታደሮች ያየ ሰው ያንኑ ነገር ያገኛል፤ መሣሪያው ከልክ በላይ ወፍራም ነው። በትክክለኛ ልኩ ቢሠራ እንደ መርፌ ቀጥኖ በተሰበረ፣ ከጠረጴዛው ማዶም ባልታየ ነበር። የእኛም ሠዓሊ የሚስለው ከርቀት ለሚያይ ምእመን ነው። ይህን ያህል ተራርቀው የሚኖሩ ሁለት ሙያዎች በአንድ መፍትሔ መገናኘታቸው ያስደንቀኛል።

ይሁን እንጂ ሥዕል፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ከመሣሪያው የሚያስቀረው አንድ ነገር አለ፤ ሸክሙን። ይህን ከጋይንት ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተቀለጠው የዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገዱን እየጠረቡ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው መቅደላ ለመድረስ እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። የሚጎትቱት ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ያልፉበት የነበረው የበጌምድር አገር ደግሞ ባለፉት ዓመታት በእርሳቸው ጦር የተዘረፈና የሸፈተ አገር ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ቅጂው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ቅጂው ቅርጹን በደንብ ያሳያል። ገመዱ፣ ዳገቱና ጎታቾቹ ግን አደባባዩ ላይ የሉም፤ ላላወቀ ሰው መድፉ በራሱ እግር የመጣ ይመስላል።

ከእቴጌ ጣይቱ ሽጉጥ ጋር የምጣላውም በዚሁ የተነሣ ነው። በብዙ የዐድዋ ሥዕሎች እቴጌይቱ በፈረስ ተቀምጠው ሽጉጥ ወደ ጠላት ደግነዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የምኒልክ ታሪክ ግን የምናገኛቸው ዐይነ ርግባቸውን ገልጠው፣ በጥቁር ጥላ ሥር በእግራቸው እየሄዱ ወታደሩን «በርታ» ሲሉ ነው፤ ሴቶቹም ለቁስለኛውና ለተዋጊው ውኃ ያደርሱ ነበር። ሠዓሊውን ይገባኛል። በሸራ ላይ ቃልን እንዴት ይስሏል? ሽጉጥ ሲያስጨብጣቸው ሥልጣናቸውን በአንድ ምልክት አሳየ፤ ያየ ሁሉ ያነበዋል። ነገር ግን ሽጉጡ በገባበት ቦታ እንስራው ወጣ። አንድ ጥይት ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ ደግሞ የሚያጎርስ ወታደር በዚያ ጭስና ፀሐይ ውስጥ ከንጋት እስከ ቀትር የቆመው በጥይት ብቻ አይደለም።

ይህን ሐሳብ ለዘመዴ ገና ሳልነግራቸው፣ ከሥዕሉ ፊት እንደቆምን፣ ሸራውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ቃኙና፣ «ሴቶቹስ?» አሉኝ። ጣይቱን አሳየኋቸው። «እሷንማ አየኋት፤ ሌሎቹን ነው እንጂ። አያቴ ከባሏ ጋራ ዘምታ ነበር፤ እንስራዋን አዝላ ነው የሄደችው» አሉ። ወደ ሸራው ተጠግቼ በፈረሶቹ እግር ሥር፣ በድንኳኖቹ ዙሪያ፣ በግርጌው ጥግ ሁሉ ፈለግሁ። ሬሳ አለ፤ የወደቀ ባርኔጣ አለ፤ ጎራዴ አለ። እንስራ የለም። አዛውንቱ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ አመሩ።