የፓኖንሃልማ ገዳምና የዛፎቹ ስፍራ

በሁንጋርያ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፥ ጂዮር ከተባለው ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ፓኖንሃልማ የሚባል የቅዱስ ቤኔዲክቶስ መነኰሳት ገዳም በኮረብታ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ጊዜ ያጠረው መንገደኛ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መጻሕፍቱን አይቶ ይመለሳል፤ በኮረብታው በምሥራቅ ተዳፋት የተተከለውን የዛፎች ስፍራ ግን ለጥላ ብቻ የተሠራ መስሎት ያልፈዋል። ይህ በእኔ አሳብ ትልቅ ጕድለት ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ስለ አንድ ብራና መናገር ያስፈልጋል።

ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ገዳሙን በ996 ዓ.ም. የመሠረተው መስፍኑ ጌዛ ነው፤ ልጁ ንጉሥ እስጢፋኖስም ርስትና ሥልጣን ጨመረለት። የተሰየመውም በቅዱስ ማርቲን ስም ነው፤ እርሱም በሮማውያን ዘመን ፓኖንያ ትባል በነበረችው በዚያችው አውራጃ ተወልዶ፥ ገና ወታደር ሳለ መጐናጸፊያውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለታረዘ ለማኝ የሰጠው ነው።

በገዳሙ መዝገብ ቤት የሚጠበቀው ብራና በ1055 ዓ.ም. ተጻፈ። ንጉሥ እንድርያስ ቀዳማዊ በባላቶን ሐይቅ ዳር ቲሃኒ በተባለው ስፍራ ሌላ ገዳም ሲያቆም የሰጠው የርስት ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው እንደ ዘመኑ ሥርዓት በላቲን ቋንቋ ጽፎታል። ነገር ግን የርስቱን ወሰን ወደ መቍጠር በደረሰ ጊዜ ላቲኑ ብቻውን አልበቃውም። ወሰን የሚያውቀው ባላገሩ ነው፤ ባላገሩም ጕድጓዱን፥ ቦዩንና መንገዱን የሚጠራው በራሱ ቋንቋ ነው። ነገ ክርክር ቢነሣ በዳኛ ፊት የሚጸናው ያ ስም ስለ ሆነ፥ ጸሐፊው ባላገሩ እንደ ነገረው አድርጎ በላቲኑ መካከል አስገባው። እንዲህ ከ50 የሚበልጡ የሁንጋርያ ቃላት በብራናው ላይ ቀሩ። የሁንጋርያ ንግግር በውስጡ ከሚገኝባቸው፥ ዋናው ጽሑፍ ራሱ ሳይጠፋ ከደረሰልን ሰነዶች ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ለቅኔም ለታሪክም ሳይሆን ለመሬት ሙግት ተብሎ የተጻፈ መሆኑ ያስደንቃል!

ከእነዚያ ምልክቶች አንዱ ወደ ፌሄርቫር የሚወጣው የጦር መንገድ ነው። ሌላው ግን አንድ ቍጥቋጦ ነው፤ ፍሬው በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ያለና የሚበላ ነው። ብራናው «ሞናራው ቡኩሬአ» ይለዋል፤ «እስከ ቍጥቋጦው ድረስ» ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት በመጨረሻዋ በ«ሬአ» ብዙ ተመራምረዋል፤ ያን ጊዜ ገና ለብቻዋ የቆመች ቃል ነበረችና፥ ዛሬ ግን በስሙ ጫፍ ላይ ተለጥፋ ትነገራለች።

ይህን ብራና የሚጠብቀው ገዳም ራሱ ያለ መከራ አልኖረም። በ1242 ዓ.ም. ሞንጎሎች በመጡበት ጊዜ አበምኔቱ ኡሮስ ተከላክሎ አዳነው። በቱርኮች ዘመን መነኰሳቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተበትነዋል። በ1786 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ፥ ለሕዝብ አይጠቅሙም ብሎ ካሰባቸው ማኅበሮች ጋር ዘጋው። በ1802 ዓ.ም. ተመልሶ ሲከፈት የተሰጠው ግዴታ ትምህርት ማስተማር ነበር።

ከዚህ በኋላ በነበረው ትውልድ ፋቢያን ሴዴር የሚባል መነኵሴ ተነሣ። ስሙ በቋንቋቸው እንጆሪ ማለት ነው፤ የሥራው ነገር በስሙ ላይ የተጻፈ ይመስላል። የዛሬው የዛፎች ስፍራ በ1840ዎቹ ዓመታት መልክ የያዘው በእርሱ እጅ ነው። የአገሩን ዛፍ ከሩቅ አገር ከመጣው ጋር እያጎራበተ ተከለ፤ ስፍራውም ዛሬ ከ20 ሄክታር በላይ ሆኖ በብዙ መቶ የሚቈጠር ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ ይዟል። ይኸው ሰው ግን በሰሜን የሚኖሩትን ፓሎትስ የተባሉትን ባላገሮች ልማድና አነጋገር መርምሮ ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የዛፍ ስምና የባላገር ቃል በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተገናኙ፤ ቀድሞ በዚያ ብራና ላይ ተገናኝተው እንደ ነበረ ማለት ነው። ሴዴር ይህን አስቦት ይሆን? እኔ በስፍራው የቆመ ሰው ሊያስበው የሚገባ ይመስለኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገዳሙ በዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ጥበቃ ሥር ሆኖ ብዙ ስደተኞችን፥ ይልቁንም ሕፃናትን አስጠለለ። በ1948 ዓ.ም. መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፤ በ1950 ዓ.ም. ከተመለሱት ጥቂቶች አንዱ የፓኖንሃልማው ነው። ሺህ ዓመት በሞላው በ1996 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ገዳሙን ብቻ አልጻፈም፤ «ከተፈጥሮ አካባቢው ጋር» ብሎ ኮረብታውንና ዛፎቹን ጨመረ።

የቲሃኒው ቍጥቋጦ ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወሰንነቱም ቀርቷል። የሁንጋርያ ልጅ ግን ያንኑ ተክል ዛሬም «ሞጆሮ ቦኮር» ብሎ ይጠራዋል።