ባልንጀራ፤ የአንድ ቃልና የአንድ ሕግ ታሪክ

«ባልንጀራ» የሚለውን ቃል ፈልቅቀን ብናየው «ባለ እንጀራ» ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከአንድ መሶብ አብሮ የሚቆርስ ማለት ነው። ከላቲን የተወለዱት የአውሮፓ ቋንቋዎችም ጓደኛን የሰየሙት ዳቦ አብሮ ከመብላት ተነሥተው ነው። በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ሰው እንደ ራሱ ይወደው ዘንድ የታዘዘለት ሌላው ሰው «ቢጽ» ይባላል። ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት «ቢጽ»ን «ባልንጀራ» ባሉ ጊዜ፣ አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ ትእዛዙን ከገበታ ጋር አቆራኙት። እንግዲህ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ከእኛ ጋር ከአንድ መሶብ የማይቆርሰው ሰውስ ምናችን ነው?

ሰው ሰውን እንዴት ይያዝ ለሚለው ጥያቄ የዓለም ሕዝቦች ከሰጧቸው መልሶች ሁሉ አጭሩ የገዛ ራስን መስፈሪያ የሚያደርገው ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከልካይ ነው፤ በራሳችን ላይ እንዲደርስ የምንጠላውን በሌላው ላይ እንዳናደርስ ያግደናል። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ግድም ለቻይና ደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው፣ አይሁዳዊው መምህር ሂሌል መላውን ሕግ በአንድ እግሩ ቆሞ ሊማር ለሻው እንግዳ የመለሰለት፣ በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችንም ውስጥ ጦቢት ልጁን የመከረው በዚህ መልክ ነው። ሁለተኛው አዛዥ ነው፤ ሊደረግልን የምንወደውን ቀድመን እንድናደርግ ይጠይቀናል። የማቴዎስ ወንጌል የያዘው ይህን ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስም ሰው ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስካልወደደ ድረስ እምነቱ ሙሉ አይሆንም።

ከልካዩን ሕግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ድንጋይም ሊፈጽመው ይችላል። ጎረቤቱ ሲራብ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው በገዛ እጁ ማንንም አልበደለምና ራሱን ጻድቅ ነኝ ሊል ይችላል። አዛዡ ከተኛንበት ያስነሣናል። ይሁን እንጂ እርሱም የራሱ ድካም አለው፤ የራሳችንን ምላስ የሰው ሁሉ ምላስ አድርገን እንድንቆጥር ያባብለናል። የአየርላንዱ ተውኔት ጸሐፊ በርናርድ ሾው በ1903 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተውኔት መጨረሻ ላይ በዚህ ሕግ የተሳለቀው የሰው ሁሉ ፍላጎት አንድ አይደለም ብሎ ነው። ሾው ሲሳለቅ ለቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ነጥቡ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛም ጉድለት አለ። «ሌላው» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም መልኮች አይናገሩም፤ ባዶውን የሚሞላው ዘመኑና ጉልበተኛው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ምድር በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያዎች ሲደነግግ፣ አርነት ከተፈጥሮና ከአእምሮ ሕግ ጋር የሚስማማ የሰው ሁሉ ሀብት መሆኑን ይመሰክራል፤ ወዲያው ግን ጦርነት አንዱን ለሌላው ባሪያ እንደሚያደርገው ይቀበላል። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ወሰደው። ወንጌሉ በየደብሩ እየተነበበ የሰው ንግድ በየገበያው ቀጠለ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ሕግ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ውስጥ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆኑና ሰውን እንደ ከብት መግዛት ከአእምሮ የሚጣላ መሆኑ መጻፉን አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። መጽሐፉ በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ወይስ ቅጂውን ወደ አውሮፓ የላከው የካፑቺን መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ? ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጫረው፣ ክሎድ ሳምነር ለኢትዮጵያዊነቱ የተሟገቱበት ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔን የሚከነክነኝ ደራሲውን የመለየቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ይህን ያህል ግልጽ ሐሳብ በብራና ሰፍሮ ማንንም ከገበያ አለማስመለሱ ጭምር ነው።

ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ኑሮ የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩት አዋጅ ነው። በዚያን ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ የሚለብሰውን ሸማ ከሸማኔው፣ የሚያርስበትን ማረሻ ከቀጥቃጩ እየተቀበለ የሚሰድብ ሰው ማየት የተለመደ ነበር። አዋጁ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መውረዱን ያስታውሳል፤ ሠራተኛው እየተሰደበ ጥበቡን ከተወ አገር ባዶ እንደምትቀር ይወቅሳል፤ ተሳዳቢውንም በእስራት ያስፈራራል። ይህ ባለሥልጣን ያወጣው ከልካይ ሕግ ነው፤ የከልካይ ሕግም ወሰን ያዘው። አፍ ይዘጋል፣ ገበታ ግን አይዘረጋም። ሸማኔውን አትስደብ ሲል ከሸማኔው ቤት ገብተህ ብላ፣ ልጁንም አግባ አላለም፤ ሊልም አይችልም ነበር።

ይህን የአዋጅ ወሰን በዓይን ለማየት በዛሬው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ አቃቂ መውረድ ይበጃል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ለስድብ ያበቃ የነበረው ሽመና በዚህ ሰፈር የደመወዝ እንጀራ ሆነ። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞ የመጣው ወዝ አደር ከአካባቢው የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ጋር በአንድ ፈረቃ ቆመ። ስድቡ ያን ዕለት ጠፋ አልልም፤ ነገር ግን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የሚሳደብ ሰው እርሱ ራሱ ክር ሲቀጥል ይውል ነበር።

ከፋብሪካው በር ውጭ ይህን ሕዝብ ያስተሳሰረው እድር ነው። እድር መቼና በማን እንደተጀመረ አጥኚዎች ባይስማሙም፣ የከተማ ኑሮ ልጅ መሆኑን ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ ዘመድ አዝማዱን በሩቅ ትቶ የመጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት ያስፈልገዋልና። በሕጎች መካከል ካነጻጸርነው እድር ያ አጭር ሕግ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተሹሞለት የሚሠራበት ነው ለማለት ያስደፍራል። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቶ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑ ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ነው። ደንቡ ሟቹን ትወደው እንደነበር አይጠይቅም። ብዙ ሰዎች ይህን ደረቅነቱን ይነቅፉበታል፤ እኔ ግን ትልቁ ጥበቡ ይመስለኛል፤ ፍቅር በማይገኝበት ቀንም ሬሳው ይነሣልና። በእርግጥ መዋጮውን መክፈል ያቃተው የቀን ሠራተኛ ስሙ ይሰረዛል፤ እድርም የራሱ የውጭ ሰው አለው።

ደንቡ የማይጽፈው አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ከሾው ስላቅ ጋር የተያያዘው ነጥብ ይኸው ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ የፈረቃ ጓደኛ የነበሩ የወሎ ሰው ዐረፉ። ቀብሩ በሙስሊሞች ወግ በዚያው ቀን ተፈጸመ። እኔ ለራሴ የምወደውን ለሌላው ማድረግ እንዳለብኝ ገና በቄስ ትምህርት ቤት ተምሬ ስለነበር፣ ዶሮ ታርዶ እንዲሠራላቸው እናቴን ለመንኳት።

«የእኛን ዕርድ አይበሉም ልጄ» አለችኝ። «ይልቅ ያን ዘይት ይዘህ ተከተለኝ፤ እንዳትከፍተው።»

ቡና፣ ስኳርና ያልተከፈተ ዘይት ይዘን ገባን። ሁልጊዜ «እግዜር ያጽናሽ» የምትለው እናቴ በዚያች ቤት ደጃፍ «አላህ ያጽናሽ እኅቴ» ስትል ሰማኋት፤ ተደነቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አያቴ በዐቢይ ጾም ውስጥ ሞተች። እናቴ እህል አልቀምስም ብላ ተኛች። የእድሩ ሴቶች ቢለምኗት እምቢ አለች። በሁለተኛው ቀን ማታ ያቺው ጎረቤታችን ሽሮ በድስት ይዛ መጣች። ድስቱን ከማስቀመጧ በፊት ቆማ፣ «አዲስ ድስት ነው፤ ዛሬ ነው የገዛሁት፤ ቅቤ አልነካውም» አለች። ከዚያም እጇን ታጥባ አጠገቧ ተቀመጠችና አጎረሰቻት። እናቴ ተቀብላ በላች።