"ብርድ ነው" እየተባለ የኖረ ህመም

ቀየት ላይ ብርድ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ትከሻህን ቢያምህ ብርድ ነው፤ ወገብህን ቢይዝህም ብርድ ነው። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ በቅቤ መታሸትና ዝተት ደርቦ መተኛት። ከመካከላችን የአንዷ አያት የግራ ትከሻቸውን ለዓመታት ሲያማቸው መልሱ ይኸው ነበር። ቆይቶ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዲስ አበባ መጥተው ሲመረመሩ ፓርኪንሰን ተባለ። እኛም "ታዲያ ትከሻቸውስ?" ብለን ማገላበጥ ያዝን።

ጥፋቱ የቀየት ሰው ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስድስት ሰዎችን ተመልክቶ ስለ በሽታው ሲጽፍ፣ የስሜት ሕዋሳትንና አእምሮን አይነካም አለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም የሚያየው መንቀጥቀጡን፣ መገተሩንና መንቀርፈፉን ሆነ። ህመሙ የእርጅና ጣጣ ተብሎ ቀረ።

እንስሳቱም የተመረመሩት በዚሁ ዓይን ነበር። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬሰርፒን በተባለ መድኃኒት ያፈዘዛቸውን ጥንቸሎች በዶፓ መልሶ አነቃቸው። ዶፓ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። (በነገራችን ላይ ዛሬ ለህክምና የሚሰጠውን ሌቮዶፓን በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው። መንዝ ከሚበቅለው ከዚያው ከባቄላ! ታዲያ እሸት እየፈለፈሉ መድኃኒት ማቆም የለም፤ መጠኑ አይታወቅማ።) በ1968 ደግሞ ኡርባን ኡንገርስቴት የዶፓሚን ሴሎችን የሚገድል ኬሚካል አይጦች አንጎል ውስጥ ወጋ። በአንድ ጎን የተወጋች አይጥ ትሽከረከራለች፤ ተመራማሪው ዙሯን ይቆጥራል። ያማት እንደሆነ ለማየት የሞከረ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልነበረም።

ጥያቄው ሲመጣ መሣሪያው ቀላል ሆኖ ተገኘ። አይጧን 50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ብረት ላይ አቁሞ መዳፏን እስክታነሳ ወይም እስክትልስ ሰከንድ መቁጠር ነው። በቀጭን ክር መዳፏን ጫን ማድረግም አለ። (ለእኛም ሲጻፍ ደስ አላለንም።) ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች በብዙ ሙከራዎች ከጤነኞቹ ቀድመው እግራቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሽታው የሚያንቀረፍፍ ከሆነ መዘግየት አልነበረባቸውም? ቀደሙ እንጂ! ስለዚህ የተለወጠው እንቅስቃሴው ብቻ ሳይሆን የሙቀቱና የህመሙ ስሜት ነው። ሌቮዶፓ ሲሰጣቸውም በበርካታ ሙከራዎች ትዕግሥታቸው ተመልሷል። ሁሉም ሙከራ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጠም፤ ሆኖም ህመምን በልኩ እንድንሰማ ከሚያደርጉን ነገሮች አንዱ ዶፓሚን መሆኑን ማንም ዛሬ በቀላሉ አይክድም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት ሲያጠኑ፣ ፓርኪንሰን ያገኙት ከ100,000 ሰው በ7ቱ ገደማ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። እኛ ግን እናስባለን፦ ገና እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣ ትከሻውን ብቻ የሚያመው ገበሬ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ይገባል?

የጓደኛችን አያት መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ፣ ከእጃቸው ቀድሞ የቀለላቸው ትከሻቸው መሆኑን ይናገራሉ። ዝተታቸውን ግን አልጣሉትም። ቀየት ነዋ!